አምሳ አንድ ኪሎ

ሁለተኛ ሰመራ የምትባለው ከተማ በዚያም ሌሊት ሰፍታ አደረች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በየሰፈሩ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ፣ "እንደምን አደራችሁ፤ ከተማችን ከትናንት ወዲህ በሁለት ፀጉር ውፍረት ሰፍታለች፤ የምዕራብ ነዋሪዎች ከምሥራቅ ነዋሪዎች በዚያው ልክ ርቀዋል" ሲል አስታወቀ። ማንም ጆሮ አልሰጠውም። ዳቦ የሚገዛው ዳቦውን ገዛ፤ አውቶቡስ የሚጠብቀውም አውቶቡሱን ጠበቀ።

ከተማዋ የተሠራችው መሬት በምትሰነጠቅበት ቦታ፣ ልክ ስንጥቁ ላይ ነው። ለምን ትንሽ ፈንጠር ብላ እንዳልተሠራች የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ነዋሪዎቹ "እንፋሎቱ ያለው እዚህ ነዋ" ይሉታል፤ መብራቱም ውኃውም ከዚያ እንፋሎት ነው። መሬቱ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ከተማዋ እንዳትቀደድ ከሥሯ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት የብረት እግሮች ተተክለዋል። ስለሚታጠፉ ሰዉ "ጉልበት" ይላቸዋል። በውስጣቸው ያለው ረጊ ዘይት ኤሌክትሪክ ሲነካው እንደ አጥንት ይጠነክራል፤ ሲለቀው እንደ ማር ይፈስሳል። መቼ ጠንክሮ መቼ መፍሰስ እንዳለበት የሚወስኑት የጉልበት መሐንዲሶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ይርዳው ደምሴ ነበር።

ይርዳው አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ "ኢንጂነር" ይለዋል። እናቱ ይሉታል፤ የዕድሩ ዳኛ ይለዋል፤ ፀጉር ቆራጩም ይለዋል። ሚስቱ ዘርፌ ደግሞ ስትናደድ ብቻ ትለዋለች። ይህ ሁሉ ሰው ለሃያ ዓመት ያህል ሲጠራው ከኖረ በኋላ አዲስ ሕግ ወጣ። በመሐንዲሶች ማኅበር ፊት ቀርቦ፣ ተመዝኖ፣ አባል ያልሆነ ሰው ከመጪው መስከረም ጀምሮ ጉልበቶቹን በሚመለከት ወረቀት ላይ መፈረም አይችልም። የማይፈርም ሰው መጋዘን ይመደባል። መጋዘን የተመደቡትን ይርዳው ያውቃቸዋል፤ ምሳ የሚበሉት ብቻቸውን ነው። ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነበር። ቢወድቅም ሰፈሩ "ኢንጂነር" ማለቱን አይተውም። በየቀኑ፣ በየበሩ፣ በትሕትና ይሉታል።

ምዘናው ዐሥራ አምስት ደቂቃ ገለጻ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ጥያቄ ነው። ተመዛኙ "እኔ ራሴ ይህን ሠራሁ" የሚልበትን አንድ ትልቅ ሥራ ያቀርባል። ለመለማመጃም ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት "ሰሚ" ያውሳል። ሰሚ ሎሚ የምታህል ግራጫ መሣሪያ ናት፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ውሸትን በልብ ምት ይለኩ ነበር፤ የመሐንዲሶች ልብ ግን እውነት ሲናገሩም ሲዋሹም እኩል እየመታ አስቸገረ። ስለዚህ ሠሪዎቹ የአገሩን ሥርዓት ወሰዱ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የዜና ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ይቆማሉ፤ ያላቸውን ዜና አንድ በአንድ ይለዋወጣሉ። ያየ "አየሁ" ይላል፤ የሰማ "ከእገሌ ሰማሁ" ይላል። የሰማውን አየሁ ብሎ የተናገረ ሰው ሁለተኛ የሚያቆመው አያገኝም።

ሰሚም የተማረችው ይህንኑ ነው። ተመዛኙ "አየሁ" ሲል የከተማዋን መዝገብ ታገላብጣለች። ካልገጠመላት አንዲት ቃል ትናገራለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይርዳው ሳሎኑ መካከል ቆሞ ገለጻውን ጀመረ። ዘርፌ ሶፋው ላይ ምስር ትለቅማለች።

"የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት፣" አለ ይርዳው፣ "ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በጉልበት መቶ ዐሥራ ሰባት ላይ የመንሸራተት ምልክት አይቼ በአስቸኳይ ለበላይ አሳወቅሁ።"

"ከማን?" አለች ሰሚ።

ይርዳው ገለጻውን አቋረጠ። "ምን አለች?"

"ከማን አለች፣" አለች ዘርፌ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሣ።

"እሱንማ ሰምቻለሁ። ለምን አለች ማለቴ ነው።"

"እኔ ምን አውቄ። እኔ ይኼን ታሪክ በሰርግ ሰምቼዋለሁ፣ በክርስትና ሰምቼዋለሁ፣ አንዴም ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ። ከማን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።"

ይርዳው ጉሮሮውን ጠራረገና ደገመው። "የመንሸራተት ምልክት ታየ።"

"ከማን?"

"ምልክቱ ተለየ።"

"ከማን?"

"ተስተዋለ።"

ሰሚ በዚህኛው ትንሽ ቆየት አለች። ይርዳው ተስፋ አደረገ።

"ከማን?" አለች።

"ተበላሽታለች፣" አለ ይርዳው።

ሰኞ ጠዋት ማኅበሩ ቢሮ ሄዶ ለዕቃ ክፍል ኃላፊው ለአቶ ግዛው መለሳት። አቶ ግዛው መሳቢያውን ሳበው፤ ሰሚዎች እንደ ድንች ሞልተውበታል።

"ተበላሸች ሊሉኝ ነው አይደል?" አለ።

"እንዴት አወቁ?"

"የሚመልሳት ሁሉ የሚለው ይኼንን ነው።"

"ታዲያ ስንቷ ተበላሽታ ተገኘች?"

"እስካሁን አንዷ። ሻይ ፈስሶባት።"

ሌላ ሰሚ ተሰጠው። እዚያው ባንኮኒው ላይ ዓረፍተ ነገሩን ሹክ አላት። "ከማን?" አለችው፤ እሷም በሹክሹክታ። አቶ ግዛው አዘነለት መሰለ፣ መነጽሩን አድርጎ የዚያን ቀን መዝገብ ከፈተ።

"ይኸውልዎ ኢንጂነር፤ ጉልበቶቹ ከላያቸው የቆመውን ሁሉ ይመዝናሉ፤ ይኼን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በዚያን ዕለት ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ከከተማዋ ክብደት ሌላ መቶ ዐሥራ ሰባት ላይ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። አምሳ አንድ ኪሎ።" ገጹን ገለበጠ። "እርስዎ በዚያ ዓመት የጤና ምርመራ ሰማንያ ሦስት ነበሩ።"

"መዝገቡ ተሳስቶ ይሆናል።"

"ይሆናል፣" አለ አቶ ግዛው። "ግን ከተማውን የያዘው ያ መዝገብ ነው። ሠላሳ ሁለት ኪሎ የሚሳሳት ከሆነ አሁኑኑ ሻንጣችንን ብናስር ይሻላል።"

ይርዳው ሰሚን ኪሱ ከቶ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ተቀመጠ። ረስቶት ነበር ማለት ይከብዳል። ሰው ቤቱ ጥግ ላይ የተሰበረ ወንበር አስቀምጦ በየቀኑ ሲያልፈው ከርሞ ከጊዜ በኋላ ማየቱን ያቆማል፤ እንደዚያ ነበር። አሁን ወንበሩ ሳሎን መካከል መጣ።

ያን ጊዜ ጉልበቶቹን በመጥረጊያ የሚጠርጉ ጨው ጠራጊዎች ነበሩ። ከበረሃው በነፋስ የሚመጣው ጨው ብረቱን እንዳይበላው በየቀኑ ያነሡታል። በዚያ ጠዋት ይርዳው በጉልበቶቹ መካከል በተዘረጋው መተላለፊያ ሲጣደፍ፣ መዲና ኢሴ የምትባል ጠራጊ መጥረጊያዋን አግድም ይዛ አስቆመችው። "ቁም፣ ዳጉ አለ" አለችው። ዳጉ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ቤት ይጠየቃል፣ ከብት ይጠየቃል፣ መንገድ ይጠየቃል። ይርዳው ስብሰባ ነበረበት፤ ስብሰባው ስለ ሰዓት አከባበር ነበር። "ቶሎ በይ" አላት። መዲናም ሥርዓቱን ቆርጣ፣ መቶ ዐሥራ ሰባት ላይ ጠርጋ የደለደለችው ጨው ሁለት ጊዜ ተነስቶ በመስመር በመስመር እንደቆመ ነገረችው። ሌላም የምትለው ነበራት። ይርዳው "እሺ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ" እያለ ሄደ። እየሄደም ከኋላው ድምፅዋን ይሰማ ነበር።

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል የክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ጓንጉል "ሌላ ነገር ያለው አለ?" ብለው ጠየቁ። ይርዳው ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ በስብሰባው ሙሉ አንድም ቃል አልተናገረም። ንቁ መስሎ ለመታየት ያህል "መቶ ዐሥራ ሰባት ላይ መንሸራተት ሳይኖር አይቀርም" አለ። ወርደው አዩ። ጉልበቱ ሊከዳ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶት ነበር። ዘይቱን አጠነከሩት፤ አርባ ሺህ ሰው የሚኖርበት የምዕራብ ሰፈር አንድ ብርጭቆ ሳይሰበርበት ዋለ። እንዴት አወቅህ ሲሉት "በክትትል" አለ።

በሪፖርቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ "ከጨው ጠራጊ ሠራተኛ በተገኘ ጥቆማ" ብሎ ጽፎ ነበር። ኢንጂነር ጓንጉል አንብበው ፈገግ አሉ። "ይኼ እኮ ለቦርድ ነው የሚቀርበው ልጄ። ከተማውን በመጥረጊያ ነው እንዴ የምትጠብቁት ሊሉን ነው?" አሉት። ይርዳው ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘው። ሲሰርዝም ከእሳቸው ጋር ሳቀ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሊረሳው ያቃተው መሰረዙን ሳይሆን ያን ሳቅ ነው።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ቦርዱ ሪፖርቱን አይቶ፣ አደጋውን በክትትል መለየት ከተቻለ ጨው ጠራጊዎቹ ከመጥረግ ሌላ ምን ይሠራሉ ብሎ ጠየቀ። እንዲያጠና የታዘዘው ይርዳው ነበር። አጥንቶም "ሠራተኞቹ ከጽዳት ውጭ ለከተማዋ የሚሰጡት ሌላ ግልጋሎት የለም" ሲል ፈረመ። በቦታቸው ጨው የሚነፉ ማሽኖች ገቡ፤ መቶ አርባ ጠራጊዎች ተሸኙ። ከዚያ ወዲህ በሁለተኛ ሰመራ ጨው በመስመር ቆሞ አያውቅም፤ ማሽኖቹ ሲነፉት ስለሚውሉ የማረፊያ ጊዜ የለውም።

ማክሰኞ ይርዳው ሌላ ሥራ ለማቅረብ ወሰነ። የሥራ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸው። ይህን ከባልደረባ ጋር፣ ያንን በኃላፊ ትእዛዝ፤ "እኔ ራሴ" ሊለው የሚችል አንድ ብቻ አገኘ፤ የማሽኖቹን ጥናት። አዘጋጅቶ ሳሎን ቆመ። ጠራጊዎቹን እንዴት እንደቆጠረ፣ ማሽኖቹን እንዴት እንደመረጠ፣ ስንብቱን በስንት ዙር እንደከፈለው በቅደም ተከተል ተናገረ። ሰሚ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝም አለች። ይርዳው ከዚያ የከፋ ዝምታ ሰምቶ አያውቅም።

"ጎሽ፣" አለች ዘርፌ። "ይቺን ወዳታለች።" ከዚያ የያዘችውን የምስር ሰሃን አስቀምጣ፣ "ያቺ ሰኞ የነገርከኝ አምሳ አንድ ኪሎዋ ማናት?" አለችው።

"መዲና የምትባል ጠራጊ።"

"ከመቶ አርባዎቹ አንዷ ነበረች?"

"ነበረች።"

"ስንብቷን የፈረምከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

ሁለቱም ሰሚን አዩ። ሰሚ ምንም አላለችም።

"ይኸው አመነችህ፣" አለች ዘርፌ፤ ሰሃኗን አንሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እስከ ሐሙስ ድረስ ከ"ራት ቀርቧል" በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይርዳው ሁለት መዛኞች ፊት ተቀመጠ። አንዷ ዶክተር ሉባባ ናቸው፤ ቀጭን፣ ፈገግታ የሚቆጥቡ ሴት። ሌላው ኢንጂነር ቱሉ ቀጀላ ናቸው፤ በዚያ የስብሰባ ቀን ከይርዳው በሦስተኛው ወንበር ተቀምጠው ያንቀላፉ የነበሩት፣ ዛሬ ትልቅ ሰው። በመካከላቸው አንዲት ሰሚ ተቀምጣለች።

ገለጻው እንደ ውኃ ወረደ። ኢንጂነር ቱሉ ራሳቸውን በመስማማት ይነቀንቃሉ። ከዚያ ዶክተር ሉባባ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ግልጽ ነው፣" አሉ። "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጥናቱ ለምን አስፈለገ?"

"ቦርዱ አዘዘ።"

"ቦርዱስ ለምን አዘዘ?"

ይርዳው መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ አየው፤ መታጠፊያ ግን አልነበረውም። "መቶ ዐሥራ ሰባት ላይ የታየው መንሸራተት በክትትል ስለተለየ…"

"ከማን?" አለች ሰሚ።

ኢንጂነር ቱሉ ውኃ ሊጠጡ ያነሡትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡ። ይርዳው ቢሮውን፣ መጋዘኑን፣ ፀጉር ቆራጩን አሰበ። ጀግና ሆኖ አልነበረም፤ ሌላ የሚለው ስላጣ ነው።

"ከመዲና ኢሴ፣" አለ። "ጨው ጠራጊ ናት። እሷ ነገረችኝ። እኔ ቸኩዬ ነበር። ስሟን ሪፖርቱ ላይ ጽፌው ነበር፣ እንዲያውም ስሟን አይደለም፣ 'ጠራጊ' ብዬ ነው የጻፍኩት። እሱንም አጠፋሁት። ከዚያ ጠራጊዎች ለከተማዋ ጥቅም የላቸውም ብዬ እኔው ፈረምኩ።"

ሰሚ ዝም አለች። 

ዶክተር ሉባባ አንድ ወረቀት ገለጡ። "የጉልበት መቶ ዐሥራ ሰባትን ሥራ አቅርበው የማኅበሩ አባል የሆኑ እስካሁን ስድስት ሰዎች አሉ፣" አሉ። "ስድስቱም 'እኔ አየሁት' ብለዋል። ያን ጊዜ ሰሚ አልነበረችም። የመጀመሪያው ኢንጂነር ጓንጉል ናቸው።"

ኢንጂነር ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አራተኛው እኔ ነኝ፣" አሉ።

ሁሉም ሰሚን አዩ። ሰሚ እውነት ሲነገር ልማዷ እንደሆነው ዝም አለች።

"እርስዎስ ከማን ሰሙ?" ሲል ይርዳው ሳያስበው ጠየቀ፤ ጠይቆም ደነገጠ።

"ከእርስዎ፣" አሉ ኢንጂነር ቱሉ በሐዘን። "በስብሰባው ላይ። እንቅልፌን ነው ያቋረጡኝ።"

ዶክተር ሉባባ ውሳኔውን በአንድ መስመር ጻፉ። አልወደቀም፤ አላለፈምም። "ተላልፏል" ይላል። አብሮ የተሰጠው ቅጽ "የምንጭ ማረጋገጫ" ይባላል። የምንጩ ስም፣ ከሥሩም የምንጩ ፊርማ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልመጣ ፋይሉ ይዘጋል፤ መስከረም ደግሞ ቅርብ ነው። "እኔም አንድ ቅጽ ሳያስፈልገኝ አይቀርም፣" አሉ ኢንጂነር ቱሉ ሲወጡ፣ ለማንም ሳይሆን።

መዲና ኢሴን ማግኘት አላስቸገረም። ጨው የሚነፉት ማሽኖች ራሳቸው በጨው ስለሚታፈኑ፣ ማጣሪያቸውን በእጅ የሚጠርግ ሰው መቅጠር ግድ ሆኖ ነበር። ከመቶ አርባዎቹ ዐሥራ አንዱ በቀን ሠራተኝነት ተመልሰዋል። መዲና በምዕራብ ዳር፣ ከአንድ የቆመ ማሽን ጥላ ሥር፣ ማጣሪያ ጭኗ ላይ አድርጋ በብሩሽ ታራግፋለች። ስድሳውን አልፋለች፤ ክብደቷ ግን የጨመረ አይመስልም።

"እንደምን ዋሉ ወይዘሮ መዲና። እኔ…"

"አንተ ያ የሚሮጠው ነህ፣" አለችው። "ቁጭ በል።"

መቀመጫ አልነበረም። ይርዳው ለምዘናው በለበሰው ሙሉ ልብስ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

"ከየት መጣህ?"

"ከማኅበሩ።"

"መንገድ ላይ ማንን አገኘህ?"

"ማንንም።"

"ከማኅበሩ እዚህ ድረስ ሰው የለም?"

ይርዳው በአውቶቡስ፣ በገበያ፣ በድልድይ ነበር የመጣው። "አላስተዋልኩም፣" አለ።

መዲና ራሷን ነቀነቀች፤ ሐኪም መጥፎ ምልክት ሲሰማ እንደሚነቀንቀው። ከዚያ ስለ ቤቱ ጠየቀችው፣ ስለ እናቱ ጉልበት ጠየቀችው፣ ውኃ በሰፈራቸው በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቀችው። ሚስቱ ደህና መሆኗን ስትጠይቀው "ደህና ናት" ሊል አፉን ከፍቶ፣ "ከማክሰኞ ጀምሮ አላናገረችኝም" አለ። መዲና ይህንንም እንደ ሌላው ዜና በጸጥታ ተቀበለችው። ጥላው ከእግራቸው ሸሽቶ ፀሐይ ሲደርስባቸው፣ "አሁን ያመጣኸውን አውጣ" አለችው።

ሁሉንም ነገራት። ስብሰባውን፣ "በክትትል" ማለቱን፣ የተሰረዘውን ዓረፍተ ነገር፣ ሳቁን፣ ጥናቱን፣ ፊርማውን። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

"የመጀመሪያውን ሰምቻለሁ፣" አለች መዲና። "ከጓንጉል ሾፌር። ጉልበቱን ያየው ያ የሚሮጠው ነው ብሎኛል።"

"ታዲያ ምን አሉት?"

"ምን እለዋለሁ። አንተ ዋሸህ፤ እሱ ግን አልዋሸም። ያልከውን በትክክል አደረሰልኝ።" ማጣሪያውን ገለበጠችው። "ፊርማህን አላወቅሁም ነበር። እሱን ዛሬ ከአንተ ሰማሁ።"

ብሩሹን አንሥታ ማራገፏን ቀጠለች። ይርዳው ብትሰድበው፣ ማጣሪያውን ብትወረውርበት ይሻለው ነበር። ቅጹን ከኪሱ አወጣ።

"እዚህ ላይ ስምዎ ይጻፋል። ከዚያ ይፈርማሉ። ማኅበሩ ያየችው መዲና ኢሴ ናት ብሎ ይመዘግባል፤ እስከ ዛሬ የተመዘገበው ሁሉ ይሰረዛል።"

"እኔ አልፈርምም።"

"እኔን ለመቅጣት ከሆነ መብትዎ ነው። ግን ይኼ የራስዎ…"

"ምን አልክ? አንተን ልቅጣ?" አለች መዲና በመገረም። "ወረቀቱ ውሸት ስለሆነ ነው። ጨው ሲነሳ አየሁ። ጨው ሲነሳ መሬቱ ሊሄድ መሆኑን ግን አላየሁም፤ ሰማሁ። ከጠራጊ ጓደኛዬ ከሐዋ ሰማሁ። ሐዋ ከባሏ ከጣሂር ሰማች። ጣሂር ከአጎቱ ከዓሊ ያዮ ሰማ፤ ጨው ቆራጭ ነበር። ዓሊ ጨው ሜዳው ላይ አይቶታል፤ ግን ምን እንደሆነ የነገረው ሌላ ሰው ነው። ያን ጠዋት ይኼን ሁሉ ነግሬሃለሁ እኮ። ለጀርባህ ነው የነገርኩት፤ ግን ነግሬሃለሁ።"

ይርዳው ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ለአንድ ስም ብቻ ነበር ቦታው። ዳርና ዳሩ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ሐዋ፣ ጣሂር፣ ዓሊ ያዮ። ከላይ "መዲና ኢሴ፤ ጨው ሲነሳ አየች" ብሎ ጨመረ። ኅዳጉ ሲያልቅበት ወረቀቱን ገለበጠው። ማኅበሩ እንዲህ ያለውን ቅጽ እንደማይቀበል ያውቃል። ቢሆንም መጻፉን አላቆመም።

"ለዓሊ ያዮ የነገረውስ?" አለ። "እሱ ማነው?"

መዲና ብሩሹን አቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከእሱ አዞረች።

"ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ነው ይላሉ። አንድ ሌሊት አድሮ ሄደ።" የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሳበችው። "ስሙን ጣሂር ያውቀው ነበር። ጣሂር በሕይወት ሳለ ሦስት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ በየቀኑ ሻይ ጠጥተናል። ነገ እጠይቀዋለሁ እያልኩ ሳልጠይቀው ሞተ። ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ ዳጉውን ስናገር እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ሰው እንዳይሰማብኝ።"

ፊቷን ሸፈነች። ይርዳው ከዓሊ ያዮ ቀጥሎ "ስሙ ያልታወቀ መንገደኛ" ብሎ ጻፈ። የሆነ ነገር ሊላት ፈለገ፤ በዚህ ጉዳይ ሰውን ለማጽናናት የሚያበቃ የሥራ ልምድ ግን አልነበረውም።